ዜሮ ነጥብ ሰባት ሚሊሜትር

ጃንዋሪ 21፣ ሰኞ

ዛሬ የታማሚዎችን ሥጋ በስላይድ አይቶ የሚለካው ሶፍትዌር ተተከለ። ከሶፊያ የመጣው መሐንዲስ ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ገመድ ሲጎትት ዋለ። ዶክተር ካሊና ደግሞ እንደ ሚዜ ከኋላ ከኋላው ትላለች። ሶፍትዌሩ አዲስ ነው፤ የስላይዱን ፎቶ የሚያነሳው ማሽን ግን ከሌላ ሆስፒታል በሁለተኛ እጅ የመጣ ስለሆነ ሁለቱ አይተዋወቁም። በፎቶው ላይ ያለችው አንዷ ነጥብ በእውነተኛው ሥጋ ላይ ስንት እንደምትሆን ሰው በእጁ መሙላት አለበት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ፈልጌ አይደለም፤ ጠረጴዛዬ እዚያው ስለሆነ ነው።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዶክተር፣ የመስታወት ማስመሪያ አይጠፋዎትም፤ አንዴ እናመሳክር» አለኝ። አንድ ሚሊሜትር መቶ ቦታ ተከፍላ የተቀረጸችበትን ስላይድ ማለቱ ነው። አለችኝ። መምህሬ ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝ ናት፤ መሳቢያዬ ውስጥ በቆዳ ማህደር ተቀምጣለች።

«ከታችኛው ፎቅ ስንዛወር ጠፋች» አልኩት። ሶፍትዌሩ ይህን ያህል ብልህ ከሆነ ራሱ ይድረስበት።

«ችግር የለም፣ የፋብሪካውን ቁጥር እሞላዋለሁ። በየትኛው ሌንስ ነው የምትሠሩት? በሃያው ወይስ በአርባው?»

«በአርባው» አልኩት ቀና ሳልል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት በአርባው ነው።

ከዚያ የርክክቡን ቅጽ ይዞ መጣ። አሥራ አንድ መስመር አለው። ስምንተኛው «ልኬቱ በመስታወት ማስመሪያ ተረጋግጧል» ይላል። የላቦራቶሪው ኃላፊ እኔ ነኝና አሥራ አንዱም ላይ ማህተሜን መታሁ። ሰውዬው ባቡር ሊያመልጠው ነበር። ደግሞስ ቅጽ አንብቦ ማህተም የሚመታ ሐኪም በዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል?

ሚልካ ሰም ውስጥ የተቀበረውን ሥጋ በማሽን እየላገች ስላይድ የምታዘጋጅልን ናት። ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። ስወጣ ከበሩ ላይ ያዘችኝና፣ «አንተ ዶክተር፣ ምን አኮረፈህ? ምራት የመጣችባት አማት መስለሃል እኮ» አለችኝ። ገላምጫት ወጣሁ። እሷን መገላመጥ አልነበረብኝም።

ጃንዋሪ 23

ጉም። ዳኑብ ከመስኮቱ አይታይም።

ካሊና ሁሉንም በሃያው ሌንስ ታነሳለች። በአርባው ከሆነ አንዱን ስላይድ ለመጨረስ ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ ይቆያል አለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ጃንዋሪ 28

የጡት ናሙናዎች። ከመቶ ስንቱ ህዋስ እየተባዛ እንደሆነ ሶፍትዌሩ ይቆጥራል፤ እኔም ተደብቄ በዓይኔ ቆጠርኩ። እሱ ሃያ ሁለት፣ እኔ ሃያ አንድ። ሌላው፦ እሱ ስምንት፣ እኔ ስምንት። ይሠራል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ራሴን አመመኝ።

ጃንዋሪ 31፣ ሐሙስ

ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፤ የዳይሬክተሩ በር ገርበብ ብሏል። ዳይሬክተር ቦንቼቭ ማለት በዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ፈተና ከእኔ ሲገለብጥ የነበረው ቦንቼቭ ነው። እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ሊዩቤን ጥሩ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። ጡረታው እስኪደርስ እንቻለው።»

ውስጥ የነበረችው ካሊና ናት። «እንዴት እንዲህ ይባላል» ብላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ፤ ቪየና ልካችሁ አስተምሯት ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩላት እኔ።

ዓይኑ ደክሟል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ፌብሩዋሪ 5፣ ማክሰኞ

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጡ ከካሊና ትሪ ላይ አንድ ስላይድ አነሳሁ። ቁጥር 412። ከጀርባ ላይ የተቆረጠ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ገና ሌንሱ ሥር ሳስገባው ሜላኖማ መሆኑን አወቅኩ። ሥራዬን ለምን እንደምወደው ያስታወሰኝ ስላይድ ነበር። ቆራረጡ ንጹሕ፣ ቀለሙ የሚልካ ቀለም፣ ክፉዎቹ ህዋሳት በየጎጆአቸው ሆነው ወደ ታች ወርደዋል። በዚህ በሽታ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በጥልቀቱ ነው። ከዜሮ ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር በታች ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ይበቃል፤ ከአንድ ካለፈ ግን ንፍፊቱም ወጥቶ መታየት አለበት፣ ወደዚያ ተሻግሮ እንደሆነ። ለተማሪዎች ሃያ ዓመት የደጋገምኩት ነው።

በእኔ ማይክሮስኮፕ ለካሁት። አንድ ነጥብ አራት። የካሊናን ስክሪን አየሁ፤ ሶፍትዌሩ ዜሮ ነጥብ ሰባት ብሎታል።

ዓይኔን ተጠራጠርኩ፤ እንዲህ አድርገውኛል። ማስመሪያዋን ከማህደሯ አውጥቼ ማይክሮስኮፔን አመሳከርኩ። ዓይኔ ልክ ነው። ሁለት የቆዩ ስላይዶችን ደገምኩ። ሁለቱንም በትክክል ግማሽ አድርጓቸዋል። ያ ጅል መሐንዲስ የአርባውን ቁጥር ሞልቶ ሄዷል፤ ፎቶው የሚነሳው በሃያው ነው። ከመቶ ስንት የሚለው ቆጠራ ሌንስ ስለማይለይ ልክ ይመጣል፤ ርዝመት የሆነ ነገር ሁሉ ግን በግማሽ ያንሳል። ማንም አላየም። ያየው የደከመው ዓይን ነው።

ለካሊና ልነግራት ሄድኩ። የ412 ውጤት ገና ወጪ አልሆነም፤ አንድ ቁጥር ማስተካከል ብቻ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ በስልክ እየሳቀች «ሽማግሌው ዛሬም አኩርፏል» ስትል ሰማኋት። ተመለስኩ።

ፌብሩዋሪ 6

ዛሬም አልነገርኳት። ነገ።

ፌብሩዋሪ 8

ውጤቶቹ ወጥተዋል። በካሊና ፊርማ። የእኔ ፊርማ የለበትም።

ፌብሩዋሪ 14፣ የትሪፎን በዓል

የወይን ሐረግ የሚገረዝበት ቀን ነው፤ ቦንቼቭ እንደ ልማዱ ከአትክልት ቦታው ወይን ጠጅ ይዞ መጣ። ሐረጉን ጠዋት እንደገረዘው ለማሳየት መቀሱን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ነው የዞረው። በፕላስቲክ ብርጭቆ ቀዳልንና አስታወቀ፤ ማርች 15 ሶፍትዌሩ በይፋ ይቀርባል። ከጤና ቢሮ ይመጣሉ፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። ካሊና ታቀርባለች።

«ሊዩቤን፣ አንተም ሁለት ቃል ብትናገር ደስ ይለኛል» አለኝ። «እንደ አንጋፋ።»

«እናገራለሁ» አልኩት።

«ኧረ ፈገግ አለ! ምን ነካው?» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ።

ስለዚህ እስከ ማርች 15 እጠብቃለሁ። ዛሬ ብነግራቸው ቁጥሩን በሁለት ደቂቃ ያስተካክሉታል፣ ወሬው እዚያው ይሞታል፣ እኔም ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሆኜ እቀራለሁ። በሰው ፊት ከሆነ ግን ያስተውሉታል። ለሥራውም ይበጃል፤ ሰው የሚማረው ሲደነግጥ ነው። አንድ ወር ምን አላት? ይህ በሽታ ዓመታት ሲያድግ የኖረ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹም ሁልጊዜ ሰፋ አድርገው ይቆርጣሉ። ዝም አይነቅዝም።

ፌብሩዋሪ 19

ዝርዝር ይዣለሁ። ቁጥሩ፣ ሶፍትዌሩ ያለው፣ እኔ የለካሁት፣ ያየሁበት ቀን። እስካሁን አራት ናቸው። ስም የለበትም። በዚህ ሥራ ላይ ስም አንብቤ አላውቅም፤ ስላይድ ዘመድ የለውም እያልኩ ነው ተማሪዎቼን ያሳደግኩት። ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው።

ፌብሩዋሪ 22፣ ዓርብ

ሚልካ ዛሬ ጣፋጭ አዞረች። ደስ ያለው ሰው ሳጥን ከፍቶ ለሥራ ባልደረባው ማዞሩ ወጉ ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ፈተና ሲታለፍ፣ መኪና ሲገዛ። ቸኮላት ነበር፣ ውስጡ በራኪያ አረቄ የተዘፈቀ ቼሪ ያለበት።

«ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ጻንኮ!» አለች። ጻንኮ ባሏ ነው፤ የዳኑብ ጀልባዎች መካኒክ። በጋውን ሙሉ ያለ ሸሚዝ የሚውል በሬ የሚያህል ሰው። «ጀርባው ላይ ያለችውን ጥቁር ነገር ማርያም የሳመችው ነው እያልኩ ሳላግጥበት ኖሬ፣ ለካ ክፉው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ሟርት እንዳይሆንብኝ ነው። ይኸውልህ፣ ቀጭን ናት አሉ! ዜሮ ነጥብ ሰባት። ተቆርጣ ወጥታለች፣ አበቃ። በየስድስት ወሩ መታየት ብቻ። ና ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ።

«አንድ ብቻ? ጻንኮ ይቀየምሃል!»

ሦስት በላሁ። ስኳር አለብህ ብሎ ሐኪሜ ከልክሎኛል። በዚህ ዕድሜ ራስን መግዛት አለመቻል ትልቅ ድክመት ነው፤ በጣም ተናደድኩ በራሴ።

ዜሮ ነጥብ ሰባት የሚሆን ብዙ ሰው አለ።

ፌብሩዋሪ 25

ቁጥር ከስም ጋር የሚገናኝበት መዝገብ ሚልካ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከእኔ ወንበር አራት እርምጃ። መዝገብ ማገላበጥ የእኔ ሥራ አይደለም።

ቤት ውስጥ የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከገና ጀምሮ ነው። አንድ ጎማ መቀየር ነው፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይሰንፋል?

ፌብሩዋሪ 27

አምስተኛ ተጨመረ። የጻንኮ ነገር፦ ሚልካ ራሷ የላገችው ቢሆን ትነግረኝ ነበር። ትነግረኝ ነበር።

ማርች 1፣ ዓርብ

የማርች ክር ቀን ነው። ሚልካ በየዓመቱ እንደምታደርገው ቀይና ነጩን ክር ለሁላችንም በእጃችን ላይ አሰረችልን። የእኔን ስታስር፣ «ዘንድሮ ወዙ ከፊትህ ጠፍቷል፤ ጤና፣ ጤና፣ ጤና!» ብላ ሦስት ጊዜ አጠበቀችው።

«ጻንኮ እንዴት ነው?»

«ኧረ ማን ይቻለው! ውሃው ሞቅ ሲል ጀልባዬ ላይ ነኝ ይላል። ቁስሉ ድኗል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝማ። ስላይዱን አንተም አይተኸው የለ? እኔ ራሴ ነኝ ልጌ ያቀለምኩት። አሳምሬ ነው የላግኩት። ካሊና ጎበዝ ናት፤ ግን አንተ ካየኸው ልቤ ያርፋል።»

«የካሊና ዓይን ጥሩ ነው» አልኳት።

«እሱማ ነው» አለችና ክሩን በመቀስ ቆረጠችው።

የተናገርኩት ውሸት አይደለም። የካሊና ዓይን ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ማሰሪያው እጄን ሲቆረቁረኝ ዋለ፤ አጥብቃዋለች።

ማርች 4፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን በትክክል ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ሌላ ትርጉም ሊሰጡት ይችላሉ።

ካሊና ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እንዲህ ካደረገች ዓመት አልፏታል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዘንድሮ የመጡት ሜላኖማዎች በሙሉ ቀጫጭን ናቸው። ዳይሬክተሩ የቆዳ ምርመራ ቅስቀሳችን ሠርቶ ነው፣ ሰው ቶሎ እየመጣ ነው ይላሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ዳይሬክተሩ ካሉማ» አልኳት።

«አይቀልዱ፣ እባክዎ። ያቺ የመስታወት ማስመሪያ በእውነት ጠፍታለች? ቫርና ካለው ላቦራቶሪ ልበደር ብዬ ነበር፤ ለመላክ ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል አሉኝ። አንዴ ብቻ ለክቼ ብገላገል።»

ማስመሪያዋ ከጉልበቷ አንድ ክንድ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ነበረች።

«ጠፍታለች» አልኳት።

ምን ማለት ነበረብኝ? አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ደግሞም የጠየቀችበት አኳኋን፣ የታመመ ሽማግሌ እንደምታናግር አቀርቅራ፣ በዝግታ። ለእኔ አዝና ነው። መታዘን አልወድም።

ከሄደች በኋላ መሳቢያውን ቆለፍኩት። ከዚያ በፊት ቆልፌው አላውቅም ነበር።

ማርች 8

የሴቶች ቀን። ለሚልካ አበባ ገዛሁ፣ ለሌሎቹ ከምሰጠው ተለቅ ያለ። «ምን በድለኸኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ።

ማርች 11

ሰባት ሆኑ። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ንግግሬን ተለማመድኩ፤ አራት ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ማሽን ያሰላል፤ የሚያየው ግን ሰው ነው» የሚል ነው። ጥሩ ነው።

ማርች 15፣ ዓርብ

ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ቦንቼቭ ተነስቶ፣ «ባለፉት ሁለት ወራት ያገኘናቸው ሰባቱም ሜላኖማዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ይህ የቅስቀሳችን ፍሬ ነው» ሲል አስጨበጨበ። ካሊና አቀረበች፤ ሚልካ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ስላይዶቹን ታቀብላት ነበር። ከዚያ አንጋፋው ተባልኩና ተጠራሁ።

ማስመሪያዋን ከኪሴ አወጣሁ። «ሚልካ፣ እስኪ ይህችን አስገቢልኝ» አልኳት። አስገባች። ካሊና ፊቷ አመድ ሆነ፤ ያኔውኑ ገብቷታል። ሶፍትዌሩ አንዱን ሚሊሜትር ለካና ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፈው፦ 0.50። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ እንደዚያች ደቂቃ የከበርኩበት ጊዜ የለም። ዓረፍተ ነገሬን ተናገርኩ። ዝርዝሩን አውጥቼ ለካሊና ሰጠኋት።

አነበበችው። «ይህ ቀን ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ያየሁበት ቀን።»

«ፌብሩዋሪ አምስት?»

«አዎ።»

«ፌብሩዋሪ አምስት አውቀው ነበር? ማርች አራት ስጠይቅዎትም ያውቁ ነበር?»

ይህን ጥያቄ አልተለማመድኩትም ነበር። ቦንቼቭ የጤና ቢሮ ሰዎች እንዳይሰሙት ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለኝ። «የርክክቡ ቅጽ ቢሮዬ ነው ያለው። ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው ማህተም የማን እንደሆነ ታስታውሳለህ፣ ሊዩቤን?»

መልስ ልሰጠው ስል ሚልካን አየሁ። ዝርዝሩን ከካሊና እጅ ወስዳ ታነብ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጥሮቹን ከነባለቤታቸው የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ እያንዳንዷን ስላይድ በአልማዝ እርሳስ ቁጥር የምትቀርጽባት እሷ ናት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ጻንኮ ነው» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። «አንድ ነጥብ አራት?»

አላወቅኩም ነበር። ስም አላነብም። አላወቅኩም ነበር ብዬ እዚህ እጽፋለሁ።

ማርች 18

ካሊና ለሰባቱም ራሷ ደወለች። እኔ ልደውል ስላት «ምን ብለው?» አለችኝ።

ከሰባቱ አራቱ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። ጻንኮ አንዱ ነው። ፕሌቨን ሆስፒታል ወስደው የብብቱን ንፍፊት ያወጡታል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። መሐንዲሱ ከሶፊያ ደብዳቤ ልኳል፤ በአርባው ሌንስ እንደምንሠራ የነገረው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው ይላል። እንዲህ ያልኩ አይመስለኝም። አላስታውስም።

ማርች 21

ሚልካ የሰባቱንም የሰም ቁራጭ እንደገና ልጋ ጨረሰች። አንድ ቀን አልቀረችም። አጠገቤ ስታልፍ «ዶክተር፣ ትሪዎ» ትለኛለች። ሃያ ሰባት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖራ አሁን እርስዎ ሆኛለሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድ ልጅ እንዲህ አይጽፍም፤ ግን ይሻለኝ ነበር።

ማርች 26

ኮሚቴው ጠየቀኝ። ለምን ጠበቁ አሉኝ። እርግጠኛ መሆን ፈልጌ ነበር አልኩ። ጻፉት።

ኤፕሪል 2

ጻንኮ ፕሌቨን ተኝቷል። ልጠይቀው ብዬ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ትኬት ጠፋ ማለት እችል ነበር። ትኬት ነበረ።

ኤፕሪል 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት ማልጄ ስገባ ሚልካ ወንበሬ አጠገብ ቆማ ነበር። በእጇ አንድ ስላይድ ይዛለች። የንፍፊቱ ነው፤ ፕሌቨን ፈርማ ተውሳ ነው ያመጣችው።

«ውጤቱን እዚያ አልሰጧችሁም?» አልኳት።

«ሰጥተውናል። ምን እንደሚል አልነግርዎትም። እርስዎ እንዲያዩት ነው የምፈልገው።»

«ካሊና ትየው፣ ሚልካ። እባክሽ።»

«ካሊና ፌብሩዋሪ አምስት ቀን አልነበረችም። እርስዎ ነበሩ።»

ተቀመጥኩ። ንፍፊቱ በደንብ የተቆረጠ ነው፣ ከሚልካ ቆራረጥ ግን አይደርስም። በትንሹ ሌንስ ዞርኩበት፤ ንጹሕ፣ ንጹሕ፣ ንጹሕ። ጠርዙ ላይ ደረስኩ። ቡናማ ነገር የቋጠሩ ትልልቅ ህዋሳት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሌንሱን ቀየርኩ። ቀና ማለት አልፈለግኩም፤ ዓይኔን እዚያው ላይ ተክዬ ምናልባት አንድ ሰዓት መቀመጥ እችል ነበር።

«አለ?» አለች።

«አለ።»

«ስንት ነው?»

ለካሁት። «አንድ ነጥብ አንድ ሚሊሜትር።»

«እነሱም እንደዚያው ነው ያሉት። ዓይንዎ ደህና ነው።» «ፌብሩዋሪ አምስት ቀንስ ስንት ነበር?»

«ሚልካ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ...»

«ስንት ነበር ነው ያልኩዎት። ያን ቀን ብናወጣው ኖሮ ይህ ነገር ውስጡ ነበር ወይስ አልነበረም? ሠላሳ አራት ዓመት ሲለኩ የኖሩት እርስዎ አይደሉም?»

ያን ጊዜም ነበረ ብላት ትገላገል ነበር። አልነበረም ብላት ደግሞ መብቷ ነው፣ ትፈርድብኛለች። እውነቱ ግን ማንም አያውቀውም፤ ማይክሮስኮፕም አያውቀው፣ ሶፍትዌርም አያውቀው። «አይታወቅም» አልኳት።

«እንግዲያው ይጻፉልኝ።»

«ምኑን?»

«አይታወቅም ብለው። ጻንኮ ማታ ማታ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም። በእርስዎ እጅ የተጻፈ ልስጠው።»

«እንዲህ ያለ ቅጽ የለም፣ ሚልካ» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ስላይዱን ከሌንሱ ሥር አወጣች፣ በጨርቅ ጠረገችው፣ ማህደሩ ውስጥ ከታ ወደ መላጊያ ማሽኗ ሄደች። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሰማሁት።

ባዶ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ መስመር ብጽፍላት ምን ነበር? ምን ነበር?

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ

የኮሚቴው ውሳኔ ከመውጣቱ በፊት በፈቃዴ ጡረታ ብጠይቅ እንደሚሻል ቦንቼቭ መከረኝ። «ለሁላችንም» አለ። አበባ ይኖራል፣ ንግግር ይኖራል፣ እሱ ራሱ ይናገራል።

የማመልከቻው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የአገልግሎት ዘመን፤ እነዚህን ቶሎ ሞላኋቸው። ቀጥሎ «የመልቀቂያ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ። ግድግዳው ወዲያ ማዶ የሚልካ ማሽን ይሠራ ነበር።

«ዕድሜ» ብዬ ጻፍኩ።